የታኅሣሥ ልጆች

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ የተወለደው ታኅሣሥ 15 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን 1986። ኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ቼካዊት እናት ትሬቢች በምትባል የቼክ ከተማ የወለዱት ይህ ልጅ በ2012 (ከዚህ በኋላ የተለየ ምልክት የሌላቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከስሎቫን ሊቤሬትስ ጋር የአገሩን ሊግ ዋንጫ አነሣ። በዚያው ክረምት በአውሮፓ ዋንጫ የቼክን ብሔራዊ ቡድን ቀኝ መስመር ይዞ እስከ ሩብ ፍጻሜ ተጫወተ። ከዚያ ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ተዛውሮ ዘጠኝ የውድድር ዓመት ቆየ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስሙን በቴሌቪዥን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ ያለለት ተጫዋች ነው። የታዳጊዎችን ምልመላ የሚያጠና ተመራማሪ ግን ከስሙም ከዋንጫውም በፊት ዓይኑ የሚያርፈው የልደት ቀኑ ላይ ነው።

ዓለም አቀፉ የታዳጊዎች እግር ኳስ ዕድሜ የሚቆርጠው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው። ዲሴምበር 24 የተወለደ ልጅ፣ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ መጀመሪያ ከተወለደው ጋር በአንድ የዕድሜ እርከን ይመደባል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ብቻ የቀረው ነው። ለሠላሳ ዓመት ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን የኖረው ዕድሜ አንድ አሥረኛ ነው፤ በቁመት፣ በሩጫ፣ በትከሻ፣ ትእዛዝ ሰምቶ በመፈጸምም ይታያል። አሰልጣኙ ሠላሳ ልጆች አሰልፎ አሥራ ስምንት ሲመርጥ ታላላቆቹን ባለ ተሰጥኦ፣ ታናናሾቹን ደካማ አድርጎ ያያቸዋል። የሚያየው ተሰጥኦ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያየው ወራትን ነው።

ይህ ነገር መጀመሪያ በደንብ የተመዘገበው በ1980ዎቹ አጋማሽ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ የተጫዋቾችን የልደት ወር ሲደረድሩ የዓመቱ መጀመሪያ ተጨናንቆ መጨረሻው ሳስቶ አገኙት። በእግር ኳስ ግን ጥርጣሬውን የቆረጠችው ቤልጅየም ናት። እስከ 1997 ድረስ የዕድሜ መቁረጫው ኦገስት 1 ስለነበር ለታዳጊ ቡድኖች የሚመረጡት በብዛት በኦገስት፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የተወለዱ ነበሩ። መቁረጫው ወደ ጃንዋሪ 1 ሲዛወር የሌቨን ዩኒቨርሲቲው ቬርነር ሄልሰንና ባልደረቦቹ ምን እንደሚከተል ተከታተሉ። ብዙም ሳይቆይ ተሰጥኦው ሁሉ ከኦገስት ተነሥቶ ወደ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ልጆች ተሻገረ። የአገሪቱ እናቶች በሌላ ወር መውለድ አልጀመሩም፤ አባቶችም ጨዋታ ማስተማራቸውን አልለወጡም። የተለወጠው አንድ መስመር ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2000 እና በ2010 የነበሩትን የአውሮፓ ፕሮፌሽናል ሊጎች መለስ ብለው ሲያነጻጽሩ ያገኙት ደግሞ የሚያሳዝን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ጥናት ተጽፎ፣ ጉባኤ ተደርጎ፣ የአሰልጣኞች ትምህርት ተሰጥቶ፣ የወራቱ መዛባት እንደነበረ ቆይቷል። አሰልጣኞች ስለማያውቁ ነው ማለት አይቻልም። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፤ ቅዳሜ የሚያሸንፈው ትልቁ ልጅ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ መስመር ሌላ ገጽታም አለው። ጃንዋሪ 1 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ስለዚህ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅና በማግሥቱ የተወለደው የጎረቤት ልጅ በፊፋ ዓይን የሁለት የተለያዩ ዓመቶች ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው ግን ልደታቸውን በአንድ ገና ያስባሉ። ከዚህ በላይ የሚከብደው ቀኑ ራሱ የማይታወቅበት ሁኔታ ነው። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ዕድሜያቸው በእናት ትዝታ ይሰላል፤ «ክረምቱ ሊገባ ሲል»፣ «ለፋሲካ ጾም መያዣ»። አንድ መልማይ እንዲህ ያለ ልጅ ፊት ሲቆም የወር ልዩነትን ቀርቶ የዓመት ልዩነትን ለማረም የሚረዳው ወረቀት የለውም።

ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ የኤምአርአይ ምርመራ የጀመረው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። በአንጓው አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የእድገት መስመር ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ልጁ ከ17 ማለፉ አይቀርም ከሚል መነሻ ነው የሚሠራው። ምርመራው ያጭበረበረውን ይይዛል፤ ያላጭበረበረውንና በተፈጥሮው ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ ግን አይረዳውም።

ዘግይቶ ማደግ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ተወልደው አንደኛው በ12 ዓመቱ ጢሙ ሊያቀመቅም፣ ሌላው እስከ 15 ዓመቱ የሕፃን ፊት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ወንድ ልጅ ቁመቱ በፍጥነት የሚመዘዘው በአማካይ በ14 ዓመት ገደማ ሲሆን ሴት ልጅ በ12 ገደማ ነው፤ ከአማካዩ ግን ብዙዎች ወዲህና ወዲያ ይሸሻሉ። በአንድ የታዳጊ ቡድን ውስጥ በሰውነት ዕድሜ እስከ አምስት ዓመት የሚራራቁ ልጆች ማግኘት እንግዳ አይደለም። በዚህ ላይ የመመዘዣው ወቅት አጥንት ቀድሞ ጡንቻና ጅማት ወደ ኋላ የሚቀሩበት ነው። ከጉልበት በታች ያለው እብጠትና ሕመም፣ የተረከዝ ሕመም፣ ኳስ ሲነካ የነበረው ልጅ በድንገት እግሩ እንደማይታዘዝለት መሆኑ፣ ሁሉም በዚህ ጊዜ ይመጣሉ። ልምድ ያለው አሰልጣኝ «ልጁ ኳሱ ጠፋበት» ብሎ ከመጣሉ በፊት ግድግዳ ላይ አቁሞ በየሦስት ወሩ ቁመቱን ቢለካ ኖሮ ብዙ ልጅ ይተርፍ ነበር። እርሳስና ግድግዳ ነው የሚያስፈልገው።

እንግሊዞች በዚህ በኩል የጀመሩት ሙከራ ጥሩ ነው። የባዝ ዩኒቨርሲቲው ሾን ከሚንግና ባልደረቦቹ ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር ሆነው ልጆችን በልደት ዓመት ሳይሆን በእድገት ደረጃ የሚመድብ ውድድር አዘጋጁ። የልጁ ቁመትና ክብደት፣ የወላጆቹም ቁመት ተወስዶ አዋቂ ሲሆን የሚደርስበት ቁመት ይገመታል። ከዚያ ቁመት ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ የደረሱት፣ 11 ዓመትም ይሁን 14፣ አብረው ይጫወታሉ። ከውድድሩ በኋላ ልጆቹ የተናገሩት ከቁጥሩ በላይ ያስተምራል። ቀድመው ያደጉት፣ ለወትሮው በትከሻቸው የሚያልፉት፣ አሁን ኳስ ቶሎ መልቀቅና ቀድሞ ማሰብ እንደተገደዱ ተናገሩ። ዘግይተው የሚያድጉት ደግሞ ኳስ ይዘው ራሳቸውን ለማሳየት የመጀመሪያ ዕድላቸውን አገኙ። ሁለቱም ተጠቅመዋል። ብዙ ሰው የሚያስበው ለትንሹ ልጅ ብቻ ነው፤ ትልቁም ልጅ በ13 ዓመቱ በጉልበቱ ብቻ እያሸነፈ ሲያድግ በ18 ዓመቱ ሌሎቹ ሲደርሱበት ባዶ እጁን ይቀራል።

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴን የመሰሉ የታኅሣሥ ልጆች ታዲያ እንዴት ያልፋሉ? በ2007 የታተመ የቡንደስሊጋ ደመወዝ ጥናት መልሱን ጠቁሞ ነበር። በመቁረጫው ዓመት መጨረሻ የተወለዱ ተጫዋቾች ቁጥራቸው ያነሰ ቢሆንም አማካይ ክፍያቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ወንፊቱ ጠብቦባቸው ያለፉ ስለሆኑ ያለፉት በጣም የተሻሉት ናቸው፤ ከትልልቆች ጋር ሲጋፉ ማደጋቸውም ብልሃት ሳያስተምራቸው አልቀረም። አንዳንዶች ይህን ሰምተው «እንግዲያው መከራው ጠቀማቸው» ይላሉ። ይህ አነጋገር መታረም አለበት። ቁጥሩ የሚናገረው ስላለፉት ነው፤ በወንፊቱ ስለቀሩት፣ ዕድሉን ቢያገኙ እኩል ይጫወቱ ስለነበሩት ልጆች ምንም አይናገርም። እነርሱ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚቆጥራቸውም የለም።

ሃሪ ኬን በልጅነቱ ከአርሰናል ተሰናብቷል፤ ጄሚ ቫርዲ በ16 ዓመቱ ቁመቱ አጥሮ ታይቶ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ወጥቷል። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ፣ ሁለተኛው በ2016 ከሌስተር ጋር የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። እነዚህ ታሪኮች ሲነገሩ ደስ ይላሉ። የጀርመኑ ተመራማሪ አርነ ጉሊኽ በአገሩ የታዳጊዎች ሥርዓት ላይ ያደረገው ምርመራ ግን ታሪኮቹ ልዩ አጋጣሚ እንዳልሆኑ ያሳያል። በክለብ አካዳሚዎች በየዓመቱ ከተጫዋቾቹ ሩብ ያህሉ ይቀየራሉ፤ በብሔራዊ ታዳጊ ቡድኖች ደግሞ አራት አሥረኛ ያህሉ። በየትኛውም ዕድሜ የተመረጠ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ በታች ነው። ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱት አብዛኞቹ በልጅነት ተመርጠው እስከ ጫፍ የተንከባከቧቸው ሳይሆኑ፣ ዘግይተው እየገቡ፣ እየወጡና እየተተኩ የመጡ ናቸው። በስምንት ዓመት ልጅ ላይ የሚነገር ትንቢት ብዙ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ትልቅ ጥያቄ የልምምድ መጠን ነው። ስዊድናዊው አንደርስ ኤሪክሰን በ1993 በበርሊን የሙዚቃ ተማሪዎች ላይ ያወጣውን ጥናት በ2008 ማልኮም ግላድዌል በመጽሐፉ ሲያስፋፋው «10,000 ሰዓት» የሚለው ቁጥር የየአሰልጣኙ መፈክር ሆነ። ብዙ ወላጅ ልጁን በሰባት ዓመቱ በሳምንት አምስት ቀን ወደ ሜዳ የወሰደው በዚህ ቁጥር ነው። እግር ኳስ ላይ ሲፈተሽ ግን ቁጥሩ አልቆመም። ጉሊኽ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር 52 የቡንደስሊጋ ተጫዋቾችን፣ ከእነርሱም ውስጥ 18 የጀርመን ብሔራዊ ቡድን አባላትን፣ ከታች ሊግ አማተሮች ጋር አነጻጽሮ ነበር። የቡንደስሊጋ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ጨዋታቸውን እስኪያደርጉ በአሰልጣኝ ሥር ያሳለፉት ልምምድ በአማካይ 4,264 ሰዓት ነው፤ ለብሔራዊ ቡድን እስኪጠሩ ደግሞ 4,532። የዓለም ዋንጫ የሚያነሣ አገር ተጫዋች የሚወጣው ከታሰበው ግማሽ ባልሞላ ሰዓት ነው።

የቀረው ሰዓት የት ሄደ? መልሱ አዲስ አበባም ሆነ ጅማ ያደገን ሰው ፈገግ ያሰኛል። የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ከአማተሮቹ የሚለዩት በልጅነታቸው ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ፊሽካ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በተጫወቱት ጨዋታ ብዛት ነው። በጉርምስናቸውም ሌላ ስፖርት ከእግር ኳስ ጎን ለጎን ይዘው ነበር። በ2022 ጉሊኽና ባልደረቦቹ ከስፖርት ዓይነቶች ሁሉ የ6,096 ስፖርተኞችን መረጃ ሲያዋሕዱ ተመሳሳይ ነገር ታየ። በታዳጊነት ቀድመው የሚያሸንፉት ቶሎ በአንድ ስፖርት የተወሰኑት ናቸው፤ በአዋቂነት ዓለምን የሚያሸንፉት ግን ዘግይተው የተወሰኑት። የጨርቅ ኳስ ያሽከረከረ፣ ድንጋይ ግብ አድርጎ አራት ለአራት የተጫወተ፣ ብቻውን ኳስ ሲያንቀረቅብ የዋለ ልጅ ያልተቆጠረለት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። በጠባብ ቦታ ውሳኔ በየሰከንዱ ነው፤ ከታላላቆች ጋር የሚጫወት ልጅ በጉልበት ስለማይችል ቀድሞ ማየት ይለምዳል።

ይህን ሲሉ ድህነትን ማወደስ አይገባም። ሰፈር ውስጥ ባዶ እግሩን የተጫወተ ሁሉ ቢወጣ ኖሮ አዲስ አበባ በየዓመቱ ብሔራዊ ቡድን ታወጣ ነበር። ጀርመናውያኑ ተጫዋቾች የሰፈር ጨዋታም፣ ሣር ሜዳም፣ የተማረ አሰልጣኝም፣ የጠገበ ሆድም ነበራቸው። ጥናቱ የሚለው አንዱ ሌላውን ይተካል አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበው የእኛም ከተሞች ያንን ነጻ ጨዋታ እያጡ መሆኑ ነው። ባዶ ቦታው ተገንብቷል፣ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል፣ ሜዳ በሰዓት ይከራያል። የሰፈር ሜዳ ሲጠፋ የሚጠፋው መዝናኛ ብቻ አይደለም።

ጀርመኖች ከ2024/25 የውድድር ዓመት ጀምሮ ከ11 ዓመት በታች ላሉት ልጆች የጨዋታውን መልክ የለወጡት ያንን መልሶ ለማምጣት ነው። በትንንሽ ሜዳ፣ በትንንሽ ግብ፣ በተለይ ታናናሾቹ ሁለት ለሁለትና ሦስት ለሦስት፤ የደረጃ ሠንጠረዥ የለም። አንዳንድ የአገሪቱ የእግር ኳስ ባለሥልጣናት «የማሸነፍ ስሜት ይገድላል» ብለው ተቃውመው ነበር። ቤልጅየም ግን ከእነርሱ ቀድማ ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች። የሌቨን ሰዎች 1,500 የታዳጊዎች ጨዋታ ቀርጸው ለማሸነፍ የሚደረገው ሩጫ የልጆቹን እድገት እንደሚሻማ ስላሳዩ ሚሼል ሳብሎን ይመሩት የነበረው የፌዴሬሽኑ የቴክኒክ ክፍል የትንንሾቹን ሠንጠረዥ አስቀረ። ያች 11 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር በ2018 የዓለም ሦስተኛ ሆነች።

ሦስተኛው ጉዳይ ጉዳት ነው፤ ተሰጥኦም ልምምድም የሚፈርስበት።

ጌዲዮን ዘላለም በ1997 በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በኋላ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሜሪላንድ ያደገ አማካይ ነው። በጃንዋሪ 2014፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኤፍ ኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ለአርሰናል ተቀይሮ ገባ። አርሴን ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለእርሳቸው የተጫወተ የመጀመሪያው ልጅ እርሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ መለያ ለብሶ ጨዋታ የሚያይ ወጣት ሁሉ ስሙን ያውቅ ነበር። በሜይ 2017 ደቡብ ኮሪያ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ ለአሜሪካ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ከኢኳዶር ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2019 ወደ አሜሪካው ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። ያ በሰሜን ለንደን የተጠበቀው ጊዜ ሳይመጣ ቀረ።

የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ከ2001 ጀምሮ እየመዘገበ ያለው የስዊድኑ ያን ኤክስትራንድ ቡድን እንደሚለው፣ 25 ተጫዋቾች ያሉት ቡድን በአንድ የውድድር ዓመት 50 ያህል ጉዳት ይጠብቀዋል። ከዚህ ውስጥ 15 ያህሉ የጡንቻ ነው። በጨዋታ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በልምምድ ላይ ከሚደርሰው በሰዓት ሲሰላ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው የጭን የኋላ ጡንቻ ነው። በ2001/02 ከጉዳቶች ሁሉ 12 በመቶው ነበር፤ በ2021/22 24 በመቶ ደረሰ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ክለቦቹ ሐኪም፣ የአካል ብቃት ባለሙያ፣ በጀርባ የሚታሠር የሳተላይት መለኪያ፣ የበረዶ ገንዳ ጨምረዋል። የዚህ ጉዳት ድርሻ ግን እጥፍ ሆነ።

ለምን? ጨዋታው ፈጥኗል፤ በከፍተኛ ፍጥነት የሚደረገው ሩጫ በዝቷል፤ ከዚህም በላይ የጨዋታው ቀን ተጠጋግቷል። ግሬጎሪ ዱፖንና ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡት ጥናት በቻምፒየንስ ሊግ የሚጫወት አንድ ክለብን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ተጫዋቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲጫወት በ1,000 ሰዓት 4.1 ጉዳት፣ ሁለት ጊዜ ሲጫወት 25.6 ጉዳት። የሚገርመው በሜዳ ላይ የሮጡት ርቀትና የፍጥነት ሩጫቸው አለመቀነሱ ነው። አሰልጣኙ በኮምፒዩተሩ የሚያየው ቁጥር «ልጁ ደህና ነው» ይለዋል፤ ጡንቻው ግን ሌላ ይናገራል። ፔድሪ በ18 ዓመቱ በ2020/21 ለባርሴሎናና ለስፔን ከ70 በላይ ጨዋታ ተጫወተ፤ የአውሮፓ ዋንጫውንና የቶኪዮ ኦሊምፒክን በአንድ ክረምት። ቀጣዩ የውድድር ዓመት በጭን ጡንቻ ጉዳት ተቆራረጠ። ሮድሪ በሴፕቴምበር 2024 ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም እንደተቃረቡ ከተናገረ ከቀናት በኋላ አርሰናል ላይ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። አንድ ሰው ላይ የደረሰው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዱፖን ቁጥር ጋር ሲቀመጥ ግን ችላ ሊባል አይችልም።

ሳይንሱ ራሱም ተሳስቶ ታርሟል። በ2016 ገደማ የሳምንቱን ልምምድ ላለፉት አራት ሳምንታት አማካይ አካፍሎ ጉዳት የሚተነብይ ቀመር በየክለቡ ተሰራጨ፤ ከ0.8 እስከ 1.3 ያለው ቦታ አስተማማኝ ነው ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍራንኮ ኢምፔሊዘሪና ሌሎች ስሌቱ በመሠረቱ ችግር እንዳለበት አሳዩ። ኖርዌያዊው ሐኪም ሮአልድ ባርም ተጫዋችን ቀድሞ መርምሮ ማን እንደሚጎዳ የመለየት ተስፋ እንዳልሠራና ምናልባትም እንደማይሠራ በግልጽ ጽፏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የተጎዱትና ያልተጎዱት ሰዎች የምርመራ ውጤት እርስ በርሱ ይደራረባል። ስለዚህ የሚበጀው ጥቂቶችን ነቅሶ ማዳን ሳይሆን ሁሉንም ማሠራት ነው።

ሁሉንም የሚያሠራው ነገር ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ተጫዋቹ ለስላሳ መሬት ላይ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ተጭኖ ይይዝለታል። ሰውነቱን ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ውድቀቱን የሚገታው የጭኑ የኋላ ጡንቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ በእጁ ይቀበላል። ኖርዲክ የሚባለው ይህ እንቅስቃሴ በዴንማርክ 50 ቡድኖችና 942 ተጫዋቾች ላይ ተፈትኖ በ2011 ታተመ። ባልሠሩት በኩል 52 የጭን ጡንቻ ጉዳት፣ በሠሩት በኩል 15። በኋላ የመጡት ጥናቶች ሲጠቃለሉም ጉዳቱን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ባርና ባልደረቦቹ ግን የቻምፒየንስ ሊግና የኖርዌይ ሊግ ክለቦችን ሲጠይቁ፣ ከ150 የክለብ የውድድር ዓመታት ውስጥ መርሐ ግብሩ በሙሉ የተሠራው በ16ቱ ብቻ ሆኖ አገኙት። ሚሊዮኖች የሚያወጣ ተጫዋች ያላቸው ክለቦች በነጻ የሚገኘውን መድኃኒት አልወሰዱም። ተጫዋቹ በማግሥቱ ጡንቻው ያመዋል፤ አሰልጣኙ ጊዜ የለኝም ይላል፤ ውጤቱ ደግሞ «ያልደረሰ ጉዳት» ስለሆነ ማንም አያየውም።

የፊፋ 11+ ማሟሟቂያ ከዚህም ይሰፋል። 20 ደቂቃ፣ 15 እንቅስቃሴ፤ ሩጫ፣ ጥንካሬ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዝላይና ትክክለኛ አወራረድ። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ሴት ልጆች ላይ ሲፈተን ከባድ ጉዳቶችን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለእኛ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ግን የሌጎሱ ነው። ናይጄሪያዊው ኦሉዋቶዮሲ ኦዎዬና ባልደረቦቹ በሌጎስ የታዳጊዎች ሊግ 20 ቡድኖችን፣ ከ400 በላይ ወንድ ልጆችን ወስደው ግማሾቹን መርሐ ግብሩን አሠሯቸው። አጠቃላይ ጉዳት በ41 በመቶ፣ የእግር ጉዳት በ48 በመቶ ቀነሰ። ይህ የኦስሎ ሣር አይደለም፤ የአፍሪካ ከተማ ሜዳ ነው። «ያ ለፈረንጆች ነው» የሚለው መልስ በ2014 ወድቋል።

በእኛ የታዳጊ ሜዳዎች ማሟሟቅ ብዙ ጊዜ ሁለት ዙር ሩጫና ወደ ግብ ጥቂት ምት ነው። ሜዳውን የሚጠብቅ ሌላ ቡድን አለ፣ ሰዓቱ ተከፋፍሏል። 20 ደቂቃ ከየት ይምጣ የሚለው አሰልጣኝ እውነተኛ ችግር አለበት። ከሜዳው ዳር ቆሞ፣ ተራ እየጠበቀ፣ አቧራው ላይ ቢሠራስ? ከ11+ ውስጥ ኳስ የሚፈልግ እንቅስቃሴ እንኳ ጥቂት ነው። ለዚህ ሐኪም መቅጠር አያስፈልግም፤ የቡድኑ ወጌሻ በአንድ ቀን ተምሮ ማሠራት ይችላል። ይህን ሥራ ለወጌሻው መስጠት፣ ከተጎዳ በኋላ ብቻ የሚጠራውን ሰው ከጉዳት በፊት ማቆም፣ ክለቦች ዛሬ ሊወስኑት የሚችሉት ነገር ነው።

ሴት ተጫዋቾች ደግሞ የጉልበት ጅማት የመበጠስ ዕድላቸው ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ቤት ሚድ፣ ሊያ ዊሊያምሰን፣ ቪቪያነ ሚደማ፣ ካታሪና ማካሪዮ በዚሁ ጉዳት ቀሩ። ለዓመታት ምክንያቱ በዳሌ ስፋትና በሆርሞን ሲፈለግ ቆይቶ አሁን ተመራማሪዎች ወደ አካባቢውም ማየት ጀምረዋል፤ ለሴቶች የሚሰጠው የጥንካሬ ልምምድ ዘግይቶ መጀመሩ፣ የሜዳው ጥራት፣ ለወንድ እግር የተሠራ ታኬታ። የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት 82 በመቶ ሴት ተጫዋቾች ታኬታቸው እንደማይመቻቸው ተናግረዋል። የታናሽ ወንድሟን ታኬታ ካልሲ ደርባ የምታደርግ ልጅ ያለችበት አገር ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላስ? ከኤክስትራንድ ጋር የሚሠራው ማርኩስ ቫልደን እንዳሳየው፣ በታላላቅ ክለቦች የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ከታከሙት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ በዓመት ውስጥ ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በከፍተኛው ደረጃ ሲጫወቱ የተገኙት ግን 65 በመቶ ናቸው። መመለስና መቆየት አንድ አይደሉም። ከጭን ጡንቻ ጉዳቶችም ከስድስት አንዱ ያህሉ የተደገመ ጉዳት ነው፤ ከተደገሙት ከሦስት ሁለቱ ያህሉ ከተመለሱ በሁለት ወር ውስጥ። ቸኩሎ የመመለስ ዋጋ ነው።

ኖርዌያዊቷ ሄጌ ግሪንደም በ2016 ያወጣችው የጉልበት ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ጨዋታ መመለስ የዘገየበት እያንዳንዱ ወር ዳግም የመጎዳትን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከወራቱ ጋር የሚሄደው ፈተናም ያን ያህል ውስብስብ መሣሪያ አይጠይቅም። አንዱ ክፍል መሬት ላይ መስመር አስምሮ በሜትር መለካት ነው፤ ተጫዋቹ በጤነኛው እግሩ ብቻ ዘሎ በዚያው እግር ያርፋል፣ ርቀቱ ይጻፋል፤ ከዚያ በታመመው እግር። ሁለተኛው ዝላይ ከመጀመሪያው 90 በመቶ ካልደረሰ ልጁ ገና ነው፤ ቅዳሜ ደርቢ ቢሆንም።